ረጅም ዝርዝርን በገጽ መከፋፈል፦ አንዴ ጽፎ ሁሉም ቦታ መጠቀም

ለአንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የዕቃ መመዝገቢያ ስሠራ ዝርዝሩን በሙሉ አንድ ገጽ ላይ ዘረገፍኩት። ሲጀመር 60 ዕቃ ብቻ ስለነበር ማንም አልተቸገረም። ከኤክሴል 4,000 ዕቃ ሲገባ ግን የባለሱቁ ስልክ ያቃስት ጀመር።

የምጠቀመው ጃንጎ የሚባለውን የፓይተን ዌብሳይት መሥሪያ ማዕቀፍ ነው። በላራቬል (በፒኤችፒው ማዕቀፍ) ለምትሠሩም ሐሳቡ ያው ነው።

መጀመሪያ፣ መቁረጡን ለዳታቤዙ ተዉለት። 4,000ውን አውርዶ በጃቫስክሪፕት ሃያ ሃያውን ማሳየት ራስን መሸወድ ነው፤ ዳታው ስልኩ ላይ ወርዶ አልቋል። ለዳታቤዙ በኦፍሴት ስንት እንደሚዘል፣ በሊሚት ስንት እንደሚሰጥ ይነገረዋል። ለገጽ 3 ለምሳሌ 40 ዘሎ 20 ይሰጣል። ሒሳቡን ፔጂኔተር የሚባለው የጃንጎ ገጽ ከፋፋይ ይሠራላችኋል።

ቀጥሎ ድርደራ። እኔን ያስለቀሰኝ ይሄ ነው። ዕቃዎቹን በተመዘገቡበት ቀን ደርድሬ፣ ጨረስኩ ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ ባለሱቁ ደወለ፦ «አንተ ልጅ፣ የፍሬን ሸራው ሁለት ቦታ ይታየኛል፣ የዘይት ፊልትሮው ደግሞ የለም!» ዳታቤዙን ሳየው ሁሉም በቦታው አለ። ግማሽ ቀን ኮዱን ስበረብር ዋልኩ።

ለካ ከኤክሴል የገቡት ሁሉ ቀናቸው አንድ ነው። ቀናቸው እኩል ከሆነ ማን እንደሚቀድም ዳታቤዙ እንደፈቀደው ይወስናል። ለየገጹ አዲስ ጥያቄ ስለሚቀርብለት ደግሞ ውሳኔው ሊለዋወጥ ይችላል። ስለዚህ ገጽ 1 ላይ የታየው ገጽ 2 ላይ ተመልሶ ይመጣል፣ ሌላው መሃል ላይ ይሰወራል። መድኃኒቱ አንዲት ቃል ናት፦ በቀን ከደረደራችሁ በኋላ አይዲ (የየዕቃውን መለያ ቁጥር) ጨምሩበት። አይዲ አይደገምም። ጃንጎ ጭራሽ ካልደረደራችሁ ያስጠነቅቃችኋል፤ በቀን ብቻ ስትደረድሩ ግን ዝም ነው የሚለው።

አሁን ኮዱን አንድ ቦታ ሰብስቡ። እኔ ለዕቃ፣ ለሽያጭ፣ ለደንበኛ እያልኩ ኮፒ ፔስት ሳደርግ ቆይቼ አንድ በተን ለመቀየር አምስት ፋይል ከፍቻለሁ። አንድ ፋንክሽን ይበቃል፦ ሪኩዌስቱን (ከብራውዘሩ የመጣውን ጥያቄ) እና የተደረደረውን ዝርዝር ይቀበላል፣ የተጠየቀውን ገጽ ይመልሳል። ውስጡ የፔጂኔተሩን ጌት ፔጅ (get_page) ተጠቀሙ። ሰው በገጽ ቁጥር ፈንታ ፊደል ቢጽፍ የመጀመሪያውን ገጽ ይሰጣል፤ ከመጨረሻው ያለፈ ቁጥር ቢጽፍ የመጨረሻውን። የገጹን መጠን ተጠቃሚው እንዲመርጥ ካደረጋችሁ ጣሪያ አብጁለት፤ እኔ ከ100 አላሳልፍም።

«ቀዳሚ» እና «ቀጣይ» የሚሉትም በአንድ ትንሽ ቴምፕሌት (የኤችቲኤምኤል ፋይል) ይቀመጡና በየዝርዝሩ ሥር ይጠሩ። እዚህም ወጥመድ አለ። ባለሱቁ «ካንዴላ» ብሎ ፈልጎ ገጽ 2ን ሲጫን የሱቁ ዕቃ በሙሉ ተመልሶ መጣበት። የእኔ ሊንክ የገጹን ቁጥር ብቻ ስለያዘ የፍለጋውን ቃል ጥሎታል። ሊንኩ ዩአርኤሉ ላይ ያለውን ሁሉ ይዞ የገጹን ቁጥር ብቻ መለወጥ አለበት። ከጃንጎ 5.1 ጀምሮ ኩዌሪስትሪንግ (querystring) የሚል የቴምፕሌት ታግ ይህን ይሠራል። በተቃራኒው አዲስ ፍለጋ ሲጀመር የድሮው ገጽ ቁጥር አብሮ እንዳይሄድ።

ኦፍሴት የሚዘለውንም እየቆጠረ ስለሚያልፍ ሚሊዮኖች ላይ ሲደርስ ይንቀራፈፋል። ያኔ «ከዚህ አይዲ በኋላ ያሉትን 20 ስጠኝ» ወደሚለው ዘዴ መሻገር ነው። ለሱቅ ግን አትጨነቁ።

ስትሞክሩት የገጹን መጠን ለጊዜው 2 አድርጉት። አምስት ዕቃ ካስገባችሁ ሦስት ገጽ አገኛችሁ ማለት ነው።