በቱቶሪያል ክፍል ተማሪዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ለጀማሪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የስታቲስቲክስ ቱቶሪያል ማስተማር ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆነውኛል። በትልቁ አዳራሽ ከመቶ በላይ ሆነው ትምህርቱን የሰሙት ልጆች አሥራ አምስት ወይም ሃያ እየሆኑ ይመጣሉ፤ መልመጃ ለመሥራት፣ ያልገባቸውን ለመጠየቅ። ብዙዎቹ ግን አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ይወጣሉ። ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል፤ መምህር በስማቸው ጠርቶ ስህተታቸውን የሚያርምበት ሰዓት ከዚህ ሌላ እምብዛም አያገኙምና።

ዝምታ

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ተማሪው ዝም የሚለው ሰንፎ ብቻ አይደለም፤ እንግሊዝኛዬ ይሰናከላል ብሎ ይፈራል። ጅማ የከፋው፣ የዳውሮው፣ የወለጋውና የአዲስ አበባው ልጅ አንድ ዶርም የሚጋሩባት ከተማ ናት። እንግሊዝኛ ለአንዳቸውም የአፍ መፍቻ አይደለም። ታዲያ ማን በማን ይስቃል? «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባል የለም?

ጥያቄያችሁን ማታውኑ በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኑ፤ ክፍሉ እንደተጀመረም አንብቡት። ጥያቄ በቆየ ቁጥር አፍ ላይ ይከብዳል።

በሌሎች ፊት መታረም ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ጅማ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ስሟ የገነነ የእስልምና ትምህርት ማዕከል ነበረች። ደረሳው ኪታቡን ይዞ ሸኹ ፊት ይቀመጣል፤ ያነባል፤ ሲስት እዚያው ይታረማል። በቅኔ ቤትም ተማሪው የቆጠረውን፣ ማለትም ራሱ ያዘጋጀውን፣ ቅኔ ይዞ መምህሩ ዘንድ ይቀርባል፤ ጓደኞቹ እየሰሙ ይቃናለታል። አፉን ያልከፈተ በሁለቱም ቤት የሚታረምበት መንገድ የለውም።

ባዶ እጅ መምጣት

ማንም መልመጃውን ሳይሞክር ሲመጣ ቱቶሪያሉ የአዳራሹ ትምህርት ድጋሚ ይሆናል፤ ሰዓቱም ያልቃል። «ምዕራፉ አልገባኝም» የሚል ተማሪ መምህሩን ከየት እንደሚጀምር ያስቸግረዋል። አንዲት ልጅ ግን አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «የናሙናውን መደበኛ ልይይት (ቁጥሮቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚርቁ የሚያሳየውን መለኪያ) ስናሰላ ለምን በናሙናው ብዛት አናካፍልም? ለምን አንድ እንቀንሳለን?» የቀረውን ሰዓት በዚህ ጥያቄ ዋልንበት። አማካዩ ራሱ ከዚያው ናሙና የተገኘ ስለሆነ ልዩነቶቹ ከእውነተኛው አንሰው እንደሚታዩ፣ አንድ መቀነሱም ያንን እንደሚያካክስ በራሳቸው ቁጥር ሠርተው አዩት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመፍዘዝ አይመጣም፤ ሠርቶ አንድ መስመር ላይ ከመቆም ነው የሚመጣው።

ሁሉን ለጎበዙ መተው

ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ሲመሠረት ከኢንስቲትዩቱ የወረሰው ትልቅ ነገር ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት ነው። ተማሪዎች በቡድን ወደ ቀበሌዎች ይወጣሉ፤ ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ውኃው፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ ክትባት ይጠይቃሉ፤ መረጃውን ተንትነው ችግሮቹን በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ። ለቡድን ትምህርት ከዚህ የበለጠ አጋጣሚ አላውቅም።

በየትኛውም የቡድን ሥራ ግን አንዱ ጎበዝ ሪፖርቱን ሌሊቱን ሲጽፍ ያድርና ሌሎቹ ስማቸውን ሽፋኑ ላይ ያገኙታል። መምህሩ «ይህን ቁጥር እንዴት አገኛችሁት?» ሲል ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ሰው ይዞራል። ሌላም ጉዳት አለ፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። አፋን ኦሮሞ የሚችለው ልጅ ቀኑን ሙሉ ለጓደኞቹ ሲያስተረጉም ይውልና ትንተናው ሲደርስ «አንተ ደክመሃል፣ እረፍ» ይባላል። ወዳጅነት ይመስላል፤ ልጁ ግን ትምህርቱ ቀረበት። ሥራውን ተለዋወጡ። ኮምፒውተር የማይደፍረው መረጃውን ያስገባ፣ የሚችለው ከጎኑ ይቀመጥ እንጂ እጁን ከኮምፒውተሩ የቁልፍ ሰሌዳ ላይ ያንሳ። ቋንቋውን የማያውቀውም ሰላምታውንና ሁለት ሦስት ጥያቄዎችን አጥንቶ ራሱ ይጠይቅ።

መቅረትና ማርፈድ

በአዳራሽ የቀረ ራሱን ይጎዳል፤ ለአምስት ሰው በተከፋፈለ ሥራ የቀረ አራቱንም ያስቆማል። ጅማ ላይ ዝናብ ምክንያት አይሆንም፤ ጃንጥላ ያዙ።

ስህተትን በላጲስ ማጥፋት

መምህሩ ትክክለኛውን ሥራ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ብዙዎች የራሳቸውን አጥፍተው የእርሱን ይገለብጣሉ። ደብተሩ ያምራል፤ የት እንደተሳሳቱ ግን ከሳምንት በኋላ ማንም አያስታውስም። እኔ የተሳሳተውን መስመር እንዲተዉትና ለምን እንደሳቱ ከጎኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ አደርጋለሁ። ያቺ የስታቲስቲክስ ጥያቄ ያነሣችው ልጅ ለፈተና ስታጠና ቀድማ የምትገልጠው እነዚያን ገጾች እንደሆነ ነግራኛለች።