ሁለት የዘመን አቆጣጠር በአንድ ሠሌዳ

የመሥሪያ ቤታችን በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ሲጀምር የውጭ አጋሮቻችን ግን ዓመታዊ ሪፖርቱን የሚጠብቁት ጃንዋሪ 31 በመሆኑ፣ ቀነ ገደቦች እየተደራረቡ ያስቸግሩን ነበር። መፍትሔ የሆነው ከሐምሌ እስከ ሰኔ የሚዘልቅ፣ በእያንዳንዱ ሣጥን የእኛ ቀን በትልቁ፣ የፈረንጆቹ ደግሞ በጥጉ በቀይ የተጻፈበት የግድግዳ ሠሌዳ ነው። ጳጉሜንም የራሷን ረድፍ አግኝታለች፤ ከነሐሴ ጋር መጨፍለቋን ፈጽሞ አልወደውም። ጥንቃቄ የሚሻው የቀን ማዛመዱ ነው፦ በ2019 ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን የ2020 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ ጃንዋሪ 31ም እንደ ወትሮው ጥር 23 ሳይሆን ጥር 22 ይሆናል። በሠሌዳው ላይ በዓላቱን፣ በተለይም እንደ ፋሲካ የሚዘዋወሩትን፣ ካሰፈርኩ በኋላ ከየቀነ ገደቡ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ሥራውን ደለደልኩ፤ የሪፖርቱ ረቂቅም ገናና ጥምቀት ሳይደርሱ በታኅሣሥ አጋማሽ እንዲያልቅ ተመደበ።