ኮርኒስ ሳይመታ ጣራውን እዩት

አገር ቤት የምታሠሩት ቤት ጣራ ሲለብስ፣ የሚላክላችሁ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ከመንገድ የተነሣ ነው። ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፣ ቀለሙም ያምራል። ነፋስ የሚፈትነው ግን ከሥር ያለውን ማሰሪያ ነው። ኮርኒስ ከተመታ ደግሞ እሱን ማየት አይቻልም።

ነፋስ ጣራን በዋናነት ወደ ላይ ስቦ ነው የሚነቅለው። የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ መነሻ የሚያደርገው የነፋስ ፍጥነት በሰከንድ 22 ሜትር ነው፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ይህ በካሬ ሜትር ከ20 ኪሎ በላይ ጫና ይፈጥራል። 28 ጌጅ (ጌጅ የውፍረት ቁጥር ነው) ኢጋ የሚባለው ሸንተረር ያለው የጣራ ቆርቆሮ ደግሞ በካሬ 4 ኪሎ ቢመዝን ነው። "ክብደቱ ይይዘዋል" የሚላችሁን አናጺ አትስሙት። ስበቱ ከሁሉም በላይ የሚበረታው በጠርዝና በማዕዘን ነው። ክፍት በረንዳ ካለ፣ ከሥር የሚገባው ነፋስም ይገፋዋል።

አሜሪካ ያላችሁ ስታንዲንግ ሲም የሚባለውን ጣራ ታውቁታላችሁ። ብሎኑ አይታይም፤ ከሥር በተደበቁ መያዣዎች ይያዝና ጠርዝ ለጠርዝ ይታጠፋል። ጥሩ ነው፤ ግን ማጠፊያ ማሽንና የለመደ ሠራተኛ ይፈልጋል። እነዚህ ከሌሉ በደንብ የታሰረ ኢጋ ይሻላችኋል።

ትልቁ ጉዳይ ቢሙ ላይ ነው፤ ግድግዳው ላይ የሚሞላው ኮንክሪት ማለት ነው። የላይኛው ቢም ሲሞላ ቀጭን ፌሮ ወደ ላይ እንዲተው ንገሩ፤ በኋላ ትረሱ (ጣራውን የሚሸከመው ማዕቀፍ) ላይ ተጠምዝዞ ይታሰራል። ይህ ከተረሳ ጣራው ግድግዳው ላይ ተቀምጧል እንጂ አልተያዘም። ቀጥሎ ሞራሌው አለ፤ ትረሱ ላይ አግድም ተመትቶ ቆርቆሮው የሚያርፍበት እንጨት ነው። ቆርቆሮው በብሎን ጠብቆ ሞራሌው በአንድ ሚስማር ብቻ ከተመታ፣ ሁለቱም ተያይዘው ይሄዳሉ። የቆርቆሮው ማሰሪያ ከሚስማር ይልቅ ጎማ ያለው ብሎን ይሁን፤ ጠርዝ ላይ ደግሞ ይብዛ። በብሎኖቹ መካከል ያለውን ርቀት መሐንዲሱ በሴንቲ ሜትር ውሉ ላይ ይጻፈው።

ጌጅ ላይም ብዙ ሰው ይሸወዳል። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 28 ጌጅ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን 32 ከዚያ በጣም ይቀጥናል። ቆርቆሮው ሲራገፍ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ይለካ።

ቤቱ አዳማ ወይም መቀሌ አካባቢ ከሆነ የበለጠ ተጠንቀቁ። አዳማና መቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም።

ክፍያውን በየደረጃው አድርጉት። የመጨረሻው ብር የሚለቀቀው ወኪላችሁ ከውስጥ በቪዲዮ ደውሎ፣ ሜትር ዘርግቶ፣ እያንዳንዱን ማሰሪያ ካሳያችሁ በኋላ ይሁን። ወኪሉ አጎታችሁ ከሆኑ ግን መሰላል ላይ አታውጧቸው፤ ከኮንትራክተሩ ጋር የማይተዋወቅ መሐንዲስ ለአንድ ቀን ቅጠሩላቸው።