በየቀኑ ሥራ የምታደርሳችሁን መኪና 400,000 ኪሎሜትር እንዴት ታደርሷታላችሁ?

ዛሬ ጠዋት ሥራ ስደርስ የመኪናዬ ኪሎሜትር ቆጣሪ 318,460 ይል ነበር። ሞተሯ እስካሁን አልተፈታም። ካምቢዮዋም ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ነው። ከእሷ በፊት የነበረችኝ መኪና ግን ገና 140,000 ላይ ሞተሯ ሞተ። ሁለቱም ጠንካራ ናቸው የሚባሉ መኪኖች ናቸው። የለያቸው አያያዝ ነው። ከአያያዝም ዋናው፣ ሁለተኛዋን "ቤትና ሥራ ብቻ ስለምትመላለስ አትደክምም" ብዬ ማሰብ መተዌ ነው።

ብዙዎቻችን እንደዚያ እናስባለን። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሞተር በጣም የሚጎዳው ቀዝቅዞ አድሮ ሲነሳ ነው። ዘይቱ ገና ወፍራም ስለሆነ ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ያልተቃጠለ ነዳጅ በፒስተኑ ፋሻ (ፒስተኑን በሚከቡት ቀለበቶች) በኩል ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ሞተሩ ውስጥ ጤዛ ይፈጠራል። ረጅም መንገድ ስትሄዱ ዘይቱ በደንብ ይግላል፤ ውኃውም ነዳጁም ተንኖ ይወጣል። 5 ኪሎሜትር ሄዳችሁ ስታጠፏት ግን ሁሉም እዚያው ይቀራል። ማታ ስትመለሱ ደግሞ ሌላ ይጨመርበታል።

አሜሪካዊው መምህር ኢርቭ ጎርደን እ.ኤ.አ. በ1966 የገዛትን ቮልቮ ፒ1800 በ2013 ሦስት ሚሊዮን ማይል አድርሷታል። ወደ 4.8 ሚሊዮን ኪሎሜትር ማለት ነው። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ቁጥሩን ነው። እኔ ልብ ያልኩት ግን የሥራ መንገዱን ነው። ደርሶ መልስ በቀን 200 ኪሎሜትር ገደማ ይነዳ ነበር። ያ ርቀት ሞተሩን አልገደለውም፤ ግሎ እንዲሠራ ዕድል ሰጠው እንጂ። የእኛ 5 ኪሎሜትር ነው ከባዱ።

1. መጀመሪያ የመኪናችሁን ማኑዋል አውጡ

ማኑዋሉ ውስጥ የሰርቪስ ሠንጠረዥ አለ። ብዙ ጊዜ ሠንጠረዡ ሁለት ነው። አንዱ ለመደበኛ አነዳድ፣ ሌላው ለከባድ አነዳድ። የከባዱን መግለጫ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። አጭር ጉዞ፣ መጨናነቅ ውስጥ ቆም ሄድ ማለት፣ ሞተር አስነስቶ ቆሞ መጠበቅ፣ አቧራ፣ ኃይለኛ ሙቀት ወይም ብርድ። የብዙ ሠራተኛ መኪና ውሎ ይኸው ነው! ስለዚህ የእናንተ ሠንጠረዥ ሁለተኛው ነው። በእኔ እምነት ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ ይህንን ውሰዱ።

ከዚያ አንድ ትንሽ ደብተር ግዙና ጋቢና ውስጥ አስቀምጡ። የእኔ ደብተር መስመሮች እንዲህ ናቸው፦ ቀን፣ ኪሎሜትር፣ የተሠራው ሥራ፣ የገባው ዘይት ዓይነትና መጠን። "301,200፤ ዘይትና ፊልትሮ፤ 5ደብልዩ-30፤ 4 ሊትር።" ከዚያ በታች "303,050፤ ግማሽ ሊትር ተጨመረ።" ይህች ሁለተኛዋ መስመር ወርቅ ናት። መኪናዋ ዘይት መብላት የጀመረችበትን ጊዜ የምትነግረኝ እሷ ናት። በቃል የተያዘ ነገር ይረሳል፤ በተለይ "ባለፈው ነው የቀየርኩት" የሚባለው ባለፈው፣ ሲጣራ ዓመት አልፎት ይገኛል።

2. ዘይቱን በዓይናችሁ እዩ

በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ጠዋት ሞተር ሳይነሳ፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ። ኮፈኑን ክፈቱ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳቡት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፣ እስከ መጨረሻው መልሳችሁ ክተቱትና እንደገና አውጡት። ዘንጉን አግድም ያዙት። ሁለት ምልክት አለው፤ ዘይቱ በሁለቱ መሃል መሆን አለበት። በብዙ መኪኖች ከታችኛው እስከ ላይኛው ምልክት ያለው ልዩነት አንድ ሊትር ገደማ ነው። ታችኛው ላይ ከደረሰ ጨምሩ፣ ግን ከላይኛው አታሳልፉ። የበዛ ዘይትም ሞተር ይጎዳል።

አሁን ደግሞ ጠብታውን በጣታችሁ ፈትጉት። መጥቆሩ ብቻውን አያስደነግጥም። ዘይት ቆሻሻውን ይዞ መጥቆሩ ሥራውን መሥራቱ ነው፤ የናፍጣ ሞተር ላይማ በተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል። የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ መካኒክ ይየው። ነዳጅ ነዳጅ ከሸተተና ከቀጠነ፣ አጭር ጉዞ በዝቶበታል፤ ቀኑ ሳይደርስ ቀይሩት።

መቼ ይቀየር? በከባድ አነዳድ ብዙ ጊዜ የሚመከረው በ5,000 ኪሎሜትር ወይም በ6 ወር፣ ቀድሞ በደረሰው ነው። ወሩን አትናቁት። በዓመት 4,000 ብቻ የምትነዳ መኪናም ዘይቷ ይበላሻል። 5ደብልዩ-30 ሲባል የመጀመሪያው ቁጥር በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ፣ ሁለተኛው ሞተሩ ሲግል ውፍረቱ ምን ያህል እንደሆነ ይነግራችኋል። "መኪናዋ አርጅታለች፣ ወፍራም እናድርግላት" የሚላችሁ አይጠፋም። ማኑዋሉ ካልፈቀደ እሺ አትበሉ። ጠባቡ የዘይት መንገድ የተሠራው ለተጻፈው ቁጥር ነው።

3. ሙቀት

የመጀመሪያዋን መኪናዬን የገደላት ይህ ነው። ለሳምንታት የራዲያተሩ ውኃ ትንሽ ትንሽ ይጎድል ነበር። እኔም ከቧንቧ እየቀዳሁ እሞላለሁ፣ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ማታ ስመለስ የሙቀት መርፌው ከመሃል ወጣ አለ። ቤቴ ሁለት ኪሎሜትር ቀርቶኛል። "ልድረስ" አልኩ። ደረስኩ፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ግን ተጣሞ ነበር። መነሻው እኮ የደረቀች አንዲት የላስቲክ ቱቦ ናት። እስካሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

ቴስታታ በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ ከልክ በላይ ሲግል ይጣመማል። መርፌው ከወትሮው ቦታ ከፍ ሲል ኤሲውን አጥፉ፣ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ ሙቀቱን ከሞተሩ ይስባል። ወደ መንገድ ዳር አውጧትና አጥፏት። ሁለት ኪሎሜትር ቢቀራችሁም። የራዲያተሩን ክዳን በግለቱ በፍጹም አትክፈቱ፤ በግፊት የታፈነ ፈላ ውኃ ፊት ላይ ይወጣል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃም አታፍስሱ፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ከዚያ በፊት ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ራዲያተር ውስጥ የሚገባው ኩላንት እንጂ የቧንቧ ውኃ አይደለም። ኩላንት መፍላትን ያዘገያል፣ መቀዝቀዝን ይከላከላል፣ ከሁሉም በላይ ዝገት ይከላከላል። የተለመደው ድብልቅ ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተነጠረ (ዲስቲልድ) ውኃ ነው። ዝገት የሚከላከለው ቅመም በጊዜ ስለሚያልቅ፣ መልኩ ቢያምርም ማኑዋሉ ባለው ዓመት ይለወጣል። በቀለም ብቻ አይታችሁ ሁለት ዓይነት አትቀላቅሉ። ቀለም ዓይነቱን በእርግጠኝነት አይናገርም።

ውኃው ደጋግሞ የሚጎድል ከሆነ መሙላቱን ትታችሁ የሚወጣበትን ፈልጉ።

4. ካምቢዮ

አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሞተው በአብዛኛው ከሙቀትና ካረጀ ዘይት ነው። "ዕድሜ ልክ የማይቀየር ዘይት ነው" ሲሏችሁ፣ የማን ዕድሜ እንደሆነ ጠይቁ። ዘይቱ ካልተቀየረ የካምቢዮው ዕድሜም እዚያው ድረስ ነው። መኪናችሁን ብዙ ልትነዷት ካሰባችሁ በየ60,000 እና 80,000 ኪሎሜትር መካከል አስቀይሩት። ዓይነቱ ማኑዋሉ ከሚለው ንቅንቅ እንዳይል፤ በተለይ ሲቪቲ የሚባለው፣ ደረጃ ያለው ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ ካምቢዮ የራሱ ዘይት አለው፣ ሌላ አይገባበትም።

መኪናዋን ያገለገለች አድርጋችሁ ገዝታችሁ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ካላወቃችሁ፣ በማሽን ግፊት ይታጠብ አትበሉ። በታች ያለውን አፍስሶ፣ ያንኑ ያህል መሙላት፤ ከጥቂት ሺህ ኪሎሜትር በኋላ መድገም። ይህ ቀስ ያለ መንገድ ለአሮጌ ካምቢዮ ይሻላል።

ማርሹ በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ያላችሁ ደግሞ እግራችሁን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፋችሁ አትንዱ።

5. ታይሚንግ ቺንጊያ

ሞተራችሁ የላስቲክ ታይሚንግ ቺንጊያ (ቫልቭና ፒስተን ጊዜያቸውን ጠብቀው እንዲንቀሳቀሱ የሚያደርግ ቀበቶ) ካለው፣ የሚቀየርበትን ኪሎሜትርና ዓመት ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ጻፉ። ብዙ ጊዜ 100,000 ገደማ ነው። ሳያስጠነቅቅ ይበጠሳል። በብዙ ሞተሮች ላይ ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም አበቃለት። ሲፈታ አይቀር የውኃ ፖምፓውንም አብራችሁ አስቀይሩ።

ሰንሰለት ያለው ከሆነ ይህ ጭንቀት ይቀንሳል። ሰንሰለቱ ግን የሚኖረው በንጹሕ ዘይት ነው።

6. ቶሎ ቶሎ የሚታዩት

የአየር ፊልትሮ አቧራ ባለበት ቶሎ ይደፈናል፤ የተቀደደ ፊልትሮ ደግሞ ከተደፈነው ይብሳል፤ አሸዋ ወደ ሲሊንደር ያስገባል። ካንዴላ በጊዜው ይቀየር። የሞተር መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ አንዱ ሲሊንደር ነዳጁን በትክክል እያቃጠለ አይደለም፤ ያልተቃጠለው ነዳጅ የጭስ ማጣሪያውን ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ ቁሙ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ በ2 ዓመት ይቀየር። የጎማ ንፋስ በጠዋት፣ ሳይግል ይለካ፤ ልኩ ብዙ ጊዜ የሹፌሩ በር ፍሬም ላይ ተለጥፏል። ጎማ ጥግ ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ከፍተኛው ነው እንጂ የመኪናችሁ ልክ አይደለም።

7. አነዳድ

ጠዋት አስነስታችሁ አሥር ደቂቃ ማቆም አያስፈልግም። ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ውጡ፣ ግን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎሜትሮች በእርጋታ። ነዳጅ አትርገጡ። ሞተር ቆሞ ከሚሞቅ እየሄደ ቶሎ ይሞቃል።

በሳምንት አንዴ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትቆሙ ንዷት። እኔ እሑድ እሑድ ነው የማደርገው። ዘይቱ ግሎ የተጠራቀመውን እርጥበት ያወጣል፣ ባትሪም ይሞላል።

8. ማታ ካርቶን አንጥፉላት

በወር አንድ ማታ ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት እዩት። ቡናማ ወይም ጥቁር ጠብታ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ካምቢዮ ወይም መሪ። አረንጓዴ፣ ሮዝ ወይም ብርቱካንማ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ካለው ኩላንት ነው፤ መርዝ ስለሆነ ልጆችና እንስሳት እንዳይደርሱበት። ጎማ አጠገብ ቢጫ ቅባት ካያችሁ የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላል፤ ያን ቀን አትንዷት። ንጹሕ ውኃ ከሆነ የኤሲ ነው፣ ተዉት። ጠብታው ያረፈበትን ቦታ በእስክሪብቶ ክበቡና ካርቶኑን ይዛችሁ መካኒክ ጋ ሂዱ። የእኔ መካኒክ አንዴ ካርቶኑን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ከላይ ጣቱን ቀስሮ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የላላ የዘይት ፊልትሮ አገኘ።

9. መቼ ይበቃታል?

ደብተሩን አውጡና ያለፈውን ዓመት ወጪ ደምሩ። አንድ ትልቅ ጥገና ብቻውን መኪና ለመሸጥ ምክንያት አይሆንም። ፍሪሲዮን፣ ራዲያተር፣ ሾክ አብዞርበር ሁሉ የሚያልቁ ዕቃዎች ናቸው፤ ቢቀየሩ ሌላ ብዙ ዓመት ይሰጣሉ። እኔ የምፈራው ዝገትን ነው። በዓመት አንዴ መኪናዋ ጋራዥ ማንሻ (ሊፍት) ላይ ስትወጣ ሥሯ ገብታችሁ ሻሲውንና ጎማዎቹን የሚይዙት የሰስፔንሽን ብረቶች የሚታሰሩበትን ቦታ እዩ። ላይ ላዩን ቡናማ መሆኑ ተፍቆ፣ ተቀብቶ ይድናል። በመዶሻ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ስትነኩት ብረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ግን፣ ሞተሯ ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን መኪናዋን አቁሟት።