ሞተር ከተገጠመለት ብስክሌት ለመብራትና ለስልክ ኃይል እንዴት ይወሰዳል

ማታ ከስራ ስትመለሱ ከፊታችሁ ያለው ጉድጓድ አይታይም። ስልካችሁ ደግሞ ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። እግራችሁ ስር ግን ሞተር እየሰራ ነው። ታዲያ ከሱ ትንሽ ኃይል ለምን አንወስድም? ይቻላል። ልክ አለው እንጂ ይቻላል።

የማወራው ብስክሌት ላይ ስለሚገጠመው ባለ ሁለት ስትሮክ የቻይና ሞተር ነው። 80 ሲሲ እየተባለ ይሸጣል። ሲሊንደሩ 47 ሚሊሜትር ሰፍቶ ፒስተኑ 38 ሚሊሜትር ነው የሚመላለሰው፣ ስለዚህ ስታሰሉት 66 ሲሲ ገደማ ይመጣል። ከማግኔቶው (ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ክፍል) ብዙ ጊዜ ሶስት ሽቦ ይወጣል። ሰማያዊው ወደ ሲዲአይ (ብልጭታውን ወደሚቆጣጠረው ሳጥን) ሄዶ የካንዴላውን ብልጭታ ይሰጣል። ጥቁሩ ማሳ ነው፣ ማለትም ከሞተሩ ብረት ጋር የተያያዘው። ነጩ ለመብራት የተተወ ሲሆን ብዙ ሰው ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንዳንዱ ሞተር ላይ ነጩ ጭራሽ የለም፣ የናንተም እንደዛ ከሆነ ወደ መጨረሻው ዝለሉ።

ነጩ ሽቦ የሚሰጠው 6 ቮልትና ግማሽ አምፔር ገደማ ነው። ሲባዛ 3 ዋት። ይቺን ቁጥር ያዟት፣ ስራው ሁሉ እሷ ላይ ነው የቆመው። ነጩ የሚወጣው ለካንዴላው ብልጭታ ከሚሰራው ከዚያው ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ነው፣ ስለዚህ ከልኩ በላይ ስትጎትቱ ከካንዴላው ነው የምትቀሙት፣ ሞተሩም መንተፋተፍ ይጀምራል።

3 ዋት ምን ይሰራል? የድሮው የብስክሌት ዲናሞም 3 ዋት ነበር፦ 2.4 ለፊት አምፖል፣ 0.6 ለኋላ። በዛሬ ኤልኢዲ ግን በ1.5 ዋት መንገዱ ጥሩ አድርጎ ይታያል። ስልክ ከባድ ነው። 4000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሆነ የስልክ ባትሪ ለመሙላት 15 ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ ይህም በ3 ዋት ምንም ሳይባክን እንኳን 5 ሰዓት ነው። ስለዚህ ስልኩን በቀጥታ ከሞተሩ ላይ አትሰኩት። መሃል ላይ ባትሪ አስገቡ፣ ሞተሩ ቀስ እያለ ባትሪውን ይሞላል፣ እናንተ ከባትሪው ትወስዳላችሁ።

የሚያስፈልገው ይሄ ነው፦ ባለ 6 ቮልት 4 አምፔር ሰዓት የታሸገ ባትሪ (መብራት ሲጠፋ የሚበራው ኢመርጀንሲ ላይትና የልጆች መኪና ውስጥ ያለው አይነት)፣ አራት ሾትኪ ዳዮድ (ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ነው፣ ሾትኪ ቮልት የሚቆጥበው አይነት)፣ ባለ 2 አምፔር ፊውዝ ከነቤቱ፣ ሁለት ማብሪያ ማጥፊያ፣ ከ6 እስከ 24 ቮልት ተቀብሎ 5 ቮልት የሚያወጣ የዩኤስቢ ሞጁል፣ ለ6 ቮልት የተሰሩ ኤልኢዲ መብራቶች፣ ባለ ብዙ ክር ለስላሳ ሽቦ፣ ናስትሮ። መልቲሜትር የግድ ነው። ከሌላችሁ ተዋሱ።

መጀመሪያ ለኩ። መልቲሜትሩን ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ኤሌክትሪክ) ቮልት ላይ አድርጉ፣ አንዱን ጫፍ ነጩ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ አካል ላይ። ሞተሩን አስነስታችሁ ነዳጅ ቀስ እያላችሁ ስጡት። ቁጥሩ ከዙሩ ጋር ይወጣል። ምንም ነገር ሳይያያዝበት ከ6 በጣም በላይ ቢያሳያችሁ አትደንግጡ፣ ጭነት ሲያገኝ ይወርዳል። ለክታችሁ ስትጨርሱ ጫፉን ወዲያው በናስትሮ ጠቅልሉት። ነጩ ሽቦ ራቁቱን ብረት ከነካ ብልጭታው ይጠፋና ሞተሩ ቀጥ ይላል።

ቀጥሎ ዳዮዶቹ። ከማግኔቶው የሚመጣው ኤሲ ነው፣ ባትሪ ደግሞ ዲሲ (ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ) ነው የሚፈልገው። አራቱን ዳዮድ በድልድይ ቅርጽ አገናኟቸው። የሁለቱ ዳዮዶች መስመር ያለባቸው ጫፎች አንድ ላይ ሲገናኙ ፖዘቲቭ ይሆናሉ፣ የሌሎቹ ሁለት ዳዮዶች መስመር የሌለባቸው ጫፎች ሲገናኙ ኔጋቲቭ። የቀሩት ሁለት መገናኛዎች የኤሲ መግቢያ ናቸው፣ አንዱ ለነጩ፣ ሌላው ለጥቁሩ። ሾትኪ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ተራ ዳዮድ እያንዳንዱ 0.7 ቮልት ይበላል፣ ኃይሉ በአንድ ጊዜ በሁለት ስለሚያልፍ 1.4 ቮልት ሄደ ማለት ነው። ከ6 ቮልት ላይ ይሄ ብዙ ነው። ሾትኪው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው የሚወስደው።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ከድልድዩ የሚወጣው ኔጋቲቭ የብስክሌቱን ብረት በፍጹም መንካት የለበትም። ጥቁሩ ሽቦ ቀድሞ ማሳ ነው፣ ኔጋቲቩንም ማሳ ካደረጋችሁት አንዱ ዳዮድ ላይ ሾርት ሰራችሁ፣ ኮይሉም በእያንዳንዱ ዙር ግማሹን ጊዜ ታንቆ ይሰራል። እኔ ይሄን የተማርኩት ከኋላ መብራት ነው። መብራቱ የብረት ቤት ነበረው፣ ኔጋቲቩ ከቤቱ ጋር የተገናኘ፣ እኔም በቡሎን ፍሬሙ ላይ አጥብቄ አሰርኩት። ሞተሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ካርቡራተር ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ሁለት ቀን ሙሉ። በሶስተኛው ቀን ያቺን ቡሎን ስፈታት ሞተሩ ወዲያው ድምፁ ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ መብራት የራሱ ሁለት ሽቦ ይኖረዋል፣ የብረት ቤት ያለው መብራት ስር ደግሞ የካላማዳሪ ቁራጭ አስገባለሁ።

አሁን አገናኙ። ከነጩ ሽቦ ወደ ድልድዩ በሚሄደው መስመር ላይ አንዱን ማብሪያ ማጥፊያ አስገቡ። ሞተሩን ስታስነሱ ይጥፋ፣ ምክንያቱም ዙሩ ዝቅ ሲል ብልጭታውም ደካማ ነው፣ መንገድ ከጀመራችሁ በኋላ አብሩት። የድልድዩን ፖዘቲቭ በፊውዙ በኩል ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ወደ ኔጋቲቭ። ፊውዙ ለባትሪው ቅርብ ይሁን፣ ከአንድ ስንዝር አይራቅ። መብራቱንና የዩኤስቢ ሞጁሉን በሁለተኛው ማብሪያ ማጥፊያ አድርጋችሁ በዚያው ፊውዝ በኩል ከባትሪው አውጡ። ባትሪው ወደ ሞተሩ ይመልሳል ብላችሁ አትስጉ፣ ዳዮዶቹ ይይዙታል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሞተሩ እየሰራ ባትሪውን አትንቀሉ። ቮልቱን የሚይዘው እሱ ነው፣ የድሮ ባለ 6 ቮልት ትንንሽ ሞተር ሳይክሎችም እንዲህ ነበር የሚሰሩት። ባትሪው ከሌለ ቮልቱ ተፈናጥሮ ኤልኢዲውን ይበላዋል። ፊውዙ ከተቃጠለም ያው ነው፣ ነጩን መስመር አጥፉት።

ንዝረቱ ሽቦ ይቆርጣል። በሊድ (ቀልጦ ሽቦ በሚያያይዘው ብረት) የተያያዘው ሁሉ ጎን ላይ ትንሽ ዘለበት ያህል ሽቦ ይተውለት እንጂ ተወጥሮ አይታሰር። ሽቦ ከማርሚታው ይራቅ። ባትሪውን በካላማዳሪ ጠቅልላችሁ ዝናብ በማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ክረምት ላይ ታመሰግኑኛላችሁ።

ነጭ ሽቦ ለሌላችሁ፣ ጎማ ላይ የሚሽከረከረው የብስክሌት ዲናሞ አለ፣ እሱም 6 ቮልት 3 ዋት ነው፣ በዚሁ ድልድይና ባትሪ ይሰራል። የተሰራው ግን ለፔዳል ፍጥነት ነው፣ በሞተር ፍጥነት ሲነዳ ጎማውንም ራሱንም ቶሎ ይጨርሳል። በቀን ሩብ ሰዓት ብቻ የምትነዱ ከሆነ ደግሞ ምንም ገመድ አትጎትቱ፣ ባትሪውን ቤት ቻርጅ አድርጉ። ጉዳዩ ያልቃል።

ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ፣ ሞተሩ ገና እየሰራ፣ ነዳጅ ትንሽ ሰጥታችሁ የባትሪውን ጫፎች በዲሲ ለኩ። ከ6.8 እስከ 7.2 ካሳየ በደንብ እየሞላ ነው። 7.3 ካለፈ ባትሪው ጠግቧል፣ ነጩን መስመር አጥፉትና በባትሪው ብቻ ወደ ቤት ንዱ።