ሞተርሆም መንገድ ላይ ሲቆምባችሁ፦ እኔ ሠርቻቸው እናንተ የማትደግሟቸው ስህተቶች

እናቴ የተከራየነውን ሞተርሆም (አልጋውም ኩሽናውም ውስጡ ያለ መኪና ነው) ገና ስታየው «ይኼ እኮ ቤት ነው፣ ቤት ደግሞ ባለበት ነው የሚያምረው» አለች። ሳቅንባት። ከዴንቨር ወደ ላስ ቬጋስ ለሰርግ እየሄድን ነበር፤ ስድስት ሰው፣ አንድ ትልቅ ድስት ዶሮ ወጥ፣ ፍሪጅ ሙሉ እንጀራ። ዩታ ውስጥ ከግሪን ሪቨር ወጥተን 40 ማይል ያህል እንደነዳን የኋላው ቀኝ ጎማ ፈነዳ።

ኢንተርስቴት 70 የሚባለውን አውራ ጎዳና የሚያውቅ እዚህ ጋ ራሱን ይነቀንቃል። ከግሪን ሪቨር እስከ ሳላይና 110 ማይል ገደማ፣ ማለትም ወደ 177 ኪሎ ሜትር፣ ማደያ የለም፣ ሱቅ የለም፣ ምንም የለም። ድንጋይና ሰማይ ብቻ። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ሞተርሆም ሲበላሽ ሰው የሚሠራቸውን ስህተቶች መቁጠር የጀመርኩት፤ አብዛኞቹን ደግሞ እኔው ነኝ የሠራኋቸው።

ጎማን በዓይን አይቶ «አዲስ ነው» ማለት

ቁልፍ ስረከብ ጎማውን በእግሬ መታ መታ አድርጌ አለፍኩ። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ምን ይሆናል? የሞተርሆም ጎማ ግን ብዙ ጊዜ የሚሞተው አልቆ ሳይሆን አርጅቶ ነው። መኪናው ለወራት ፀሐይ ላይ ቆሞ ስለሚከርም ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። ጎማው ጎን ላይ «ዶት» (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግሯችኋል፤ 2317 ከሆነ በፈረንጆቹ 2017 ዓመት 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። ከአምስት ስድስት ዓመት በላይ ከሆነው እኔ ከእንግዲህ ያንን መኪና አልረከብም፣ ይቀየርልኝ እላለሁ።

ሌላው የኋላ ጎማዎቹ ድርብ መሆናቸው ነው። የውስጠኛው ከውጭ አይታይም። እሱ አየር ሲጨርስ የውጭኛው የሁለቱን ጭነት ብቻውን ይሸከማል፣ ይግላል፣ ከዚያ ይፈነዳል። የእኛም ይኸው ነው የሆነው። ወርጄ ሳይ የላስቲኩ ቁርጥራጭ እንደ ጅራፍ እየተወነጨፈ የጎማውን ሽፋን ቆርቆሮ ቀዶታል፣ የውሃ መውረጃ ቱቦውን ይዞት ሄዷል። የአንድ ጎማ ጣጣ መሰላችሁ? የቧንቧ ሥራም ተጨመረበት። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ስድስቱንም በመለኪያ መለካት አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ደንግጦ ፍሬን መርገጥ

ጎማ ሲፈነዳ እግር ራሱ ወደ ፍሬን ይሮጣል። አትፍቀዱለት። መሪውን በሁለት እጅ አጥብቃችሁ ያዙ፣ ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ መኪናው በራሱ ፍጥነት ሲቀንስ ወደ ዳር ውጡ። በድንገት ፍሬን ከያዛችሁ ያ ሁሉ ክብደት ወደ ፈነዳው በኩል ሊጎትታችሁ ይችላል።

ቤት ነው ብሎ ውስጥ መቀመጥ

ይሄ የሞተርሆም ልዩ ወጥመድ ነው። ተራ መኪና ሲበላሽ ሰው ይወርዳል። ሞተርሆም ግን ሶፋ አለው፣ ፍሪጅ አለው፣ ጥላ አለው። እናቴ ጀበናዋን አውጥታ «እስኪመጡልን ቡና ላፍላ» ብላ ነበር፤ ከጎናችን ባለ 18 ጎማዎቹ ከባድ መኪኖች በ80 ማይል እየበረሩ፣ አንዱ ባለፈ ቁጥር ቤቱ እንደ ጀልባ እየተናጠ። ሁሉም ሰው ከትራፊኩ በተቃራኒው በር ይውረድ፣ የብረት አጥር ካለ ከአጥሩ ወዲያ፣ ከሌለ ከመንገዱ ራቅ ብሎ ይቁም። ውሃና ኮፍያ ይዞ፣ በረሃ ነው።

ባለ ሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያውንም መኪናው ሥር ደርድሮ መመለስ ፋይዳ የለውም። የጭነት መኪና ሹፌሮች በእንዲህ ዓይነት ባለ አካፋይ መንገድ ሲቆሙ በሕግ ከኋላቸው በ10፣ በ100 እና በ200 ጫማ ርቀት ያስቀምጣሉ፤ በሜትር 3፣ 30 እና 60 ገደማ። የእነሱን ልክ መከተል ይሻላል።

ክሪክ ይዞ ሥሩ መግባት

አጎቴ አዲስ አበባ እያለ ላንድክሩዘር ፈታቶ የገጠመ ሰው ነው፣ አልክድም። «አምጡ ክሪክ» አለ። ፎርድ ኢ-450 በሚባለው ሻንሲ ላይ የተሠራ ሞተርሆም ግን ሙሉ ጭነቱን ሲይዝ እስከ 14,500 ፓውንድ ይደርሳል፣ 6.6 ቶን ገደማ ማለት ነው። የመንገድ ዳር አፈር ላይ፣ በትንሽ ክሪክ፣ ጎንበስ ብሎ? መኪናውን ካምፕ ላይ ለማስተካከል የተገጠሙት እግሮችም ጎማ መቀየሪያ አይደሉም። ደግሞ ተከራክረን ተከራክረን ስኮርታ ስንፈልግ ስኮርታ የለም። ብዙ ሞተርሆሞች ያለ ስኮርታ ነው የሚሸጡት፣ ይህን ሳትነሱ እወቁ።

«መኪና ተበላሸብን» ብሎ ስልክ መዝጋት

መጀመሪያ የደወልኩት ለራሴ መኪና ወደያዝኩት የሮድሳይድ አገልግሎት (መንገድ ላይ ስትቆሙ እርዳታ የሚልክ) ነበር። ላኩልኝ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ መጣ፣ ቶው ትራኩ ኮሮላ የሚጎትት ነበር። ሰውዬው ሞተርሆሙን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቀ። ጥፋቱ የኔ ነው። ስትደውሉ የመኪናውን ርዝመት፣ ከፍታና ክብደት፣ ጎማው ላይ የተጻፈውን ልክ (የእኛ 225/75አር16 ነበር)፣ በየትኛው አቅጣጫ እየሄዳችሁ እንደሆነና ከመንገዱ ዳር ካለችው ትንሽ አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ የማይሉን ቁጥር ንገሩ። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ አገልግሎታችሁ ሞተርሆም ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ፤ ለተራ መኪና የተገዛው ብዙ ጊዜ አይሸፍንም።

መኪናው የኪራይ ከሆነ ከማንም በፊት ለአከራዩ ደውሉ። ሳያስፈቅዱ አሠርቶ ደረሰኝ ይዞ መሄድ ገንዘቡን የማጣት አጭሩ መንገድ ነው። የተበላሸውን ከመነካቱ በፊት ፎቶ አንሱት።

ሙቀቱ ሲወጣ «ትንሽ ልግፋ» ማለት

ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ስትወጡ የአይዘንሃወር ዋሻ 11,158 ጫማ ላይ ነው። ሙሉ ቤት ጭኖ እዚያ መውጣት ለሞተሩ ቀልድ አይደለም። የሙቀቱ መርፌ መውጣት ከጀመረ ኤሲውን አጥፉ፣ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ (ላብ በላብ ትሆናላችሁ፣ ግን ከሞተሩ ሙቀት ይስባል)፣ ካልወረደ ቁሙ። የጋለ ራዲያተር ክዳን በፍጹም አትክፈቱ። ቁልቁለቱን ደግሞ በፍሬን ሳይሆን በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ዓባይ በረሃን በጭነት መኪና የወረደ ሹፌር ይህን ከኔ መስማት አያስፈልገውም።

መብራት ሲጠፋ «ተበላሸ» ብሎ ቴክኒሻን መጥራት

ካምፕ ላይ ባለ 30 አምፒር መስመር ላይ ስትሰኩ የምታገኙት 3,600 ዋት ነው። የጣሪያው ኤሲ እየሠራ፣ ማይክሮዌቭ እየዞረ፣ እናት ደግሞ 1,500 ዋት ገደማ የሚበላ የእንጀራ ምጣድ ከጣደች ብሬከሩ ይወርዳል። ይህ ብልሽት ሳይሆን ሂሳብ ነው። አንዱን አጥፍታችሁ ብሬከሩን መልሱት። የኩሽናው ሶኬት ብቻ እምቢ ካለ መታጠቢያ ቤት ያለው ሶኬት ላይ ያለችውን «ሪሴት» ቁልፍ ተጫኑ፣ ብዙ ጊዜ የተያያዙ ናቸው። የውሃ ፓምፑ ካልሠራ ደግሞ መጀመሪያ ታንከሩ ባዶ አለመሆኑን፣ ቀጥሎ ፊውዙን እዩ። የተለያየ ልክ ያላቸው ፊውዞች በጥቂት ዶላር ገዝታችሁ መሳቢያ ውስጥ ጣሉ።

አንድ ነገር ላይ ግን ምንም መመራመር የለም፦ የጋዝ ሽታ። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል። መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም፤ ሰው ሁሉ ይውጣ፣ ሲሊንደሩን ከውጭ ዝጉ፣ ራቅ ብላችሁ 911 ደውሉ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል ሲጮኽም ባትሪውን ነቅሎ መተኛት የለም፣ መውጣት ነው።

ከተሠራ በኋላ ዝም ብሎ መንዳት

ማምሻው ላይ ትክክለኛው ሰውዬ ትልቅ መኪናውን ይዞ መጣ፣ ሁለቱንም ጎማ ቀየረ። ሊሄድ ሲል «ከ50 ማይል በኋላ ቁምና ዳዶዎቹን አጥብቅ» አለኝ። ቸኩለን ነበር፣ ሰርጉ በነጋታው ነው፣ አጎቴም «ይኼን የሚያህል ሰው አጥብቆት» ብሎ ነበር። ቢሆንም ሳላይና ማደያው ጋ አቆምኩ። ከዳዶዎቹ ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ዞሩ። አጎቴ ምንም አላለም፣ ቁልፉን ተቀብሎኝ ሌሎቹንም ደግሞ ደጋግሞ አጠበቃቸው። እናቴ በመስኮት ብቅ ብላ «አሁንስ ላፍላ?» አለች።

አፈላች።