አካል ጉዳተኛ ልታግዝ ነው? እጅህን ከመዘርጋትህ በፊት

ጋሼን ማገዝ ስጀምር ስህተቴ ከመጀመሪያው ቀን ጀመረ። ፒያሳ ቁልቁለቱ ላይ ሳልጠይቅ የጋሼን ዊልቸር ከኋላ ይዤ ገፋሁት፣ በአፍጢማቸው ሊደፉ ለትንሽ ተረፉ። "ልጄ፣ እኔ ጆንያ ነኝ እንዴ?" አሉኝ። ምን ይባላል?

እና በቃ፣ ጠይቅ። "ላግዝዎት?" ብቻ ሳይሆን "እንዴት ላግዝዎት?" በል፤ ገላውን ለዓመታት የሚያውቀው እሱ ነው። ዳገት ገፍተህ ትወጣለህ። ቁልቁለት ግን ዊልቸሩን አዙረህ፣ ትልቁን ጎማ አስቀድመህ፣ አንተም የኋሊት እየሄድክ መንገዱን ዞር እያልክ እያየህ ነው። ስትቆም ሁለቱንም ፍሬን ያዝ። ደረጃ ላይ ማንሳት ግድ ከሆነ ደግሞ የእጅ መደገፊያውን እንዳትይዝ፣ አንዳንዱ ተነቃይ ነው፣ እጅህ ላይ ይቀራል።

ዓይነ ስውር ከሆነ አትጎትተው፣ በትሩንም አትንካ። ክንድህን ስጠው፣ ከክርንህ ከፍ ብሎ ይይዝሃል፣ አንተ ግማሽ እርምጃ ትቀድማለህ። አራት ኪሎ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ስታይ "ተጠንቀቅ!" ብለህ አትጩህ። ከምኑ ይጠንቀቅ? "በቀኝህ ጉድጓድ አለ፣ ወደ ግራ እንጠጋ" በለው።

ብዙ ጀማሪ የሚዘነጋው ቆዳ ነው። ወገቡ ወይም እግሩ ስሜት የሌለው ሰው መቀመጫው ሲቆስል አይሰማውም። አልጋ ላይ ከሆነ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ የተለመደ ነው፣ ዊልቸር ላይ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ከፍ ወይም ዘንበል ማለት አለበት። ቆዳው ከወትሮው ከጠቆረ፣ ከሞቀ ወይም ከጠነከረ በዚያ ጎን አይተኛ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ስለ ረዳት ደሞዝም ላንሳ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛው ሥራውን የሚያግዘው ረዳት እንዲመድብ ይላል። የምታግዘው ሰው ተቀጣሪ ከሆነ አብራችሁ አንብቡትና መሥሪያ ቤቱን ይጠይቅ። የቤተሰብ ኪስ ስንቱን ይችላል?

አሁንም ከጋሼ ጋር ካፌ ስንገባ አስተናጋጇ እኔን ታየኛለች፣ "ለሳቸው ምን ላምጣ?" እኔ ስልኬን እነካካለሁ። ዝምታው ትንሽ ይከብዳል። ከዚያ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው "ማኪያቶ፣ ጠቆር ያለ" ይላሉ።